የመሪዎችና የጦር አለቆች የፈረስ ስም፦ ለምን ሰው በፈረሱ ይጠራ ነበር?

የቀለም ወዳጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በአሥራ ዘጠነኛውና በሃያኛው ምዕተ ዓመት የነበሩ የአገራችንን ሰዎች ታሪክ ሳነብ ጸሐፊዎች ሁሉ በአንድ ሐረግ የሚያልፉት ጉዳይ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ልጅ ኢያሱ «አባ ጤና»፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «አባ ጠቅል» ይባላሉ፤ ራስ አሉላ «አባ ነጋ»፣ ራስ መኮንን «አባ ቃኘው»፣ ራስ ጎበና «አባ ጥጉ» ናቸው። መጻሕፍቱ «የፈረስ ስማቸው ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ጦርነት ይሄዳሉ። እኔን ግን ጉዳዩ እዚያ ላይ ነው የሚይዘኝ። ስሙ የፈረሱ ከሆነ ሰውየው ለምን በእርሱ ተጠራ? «አባ» የሚለውስ ከመነኮሳቱ «አባ» ጋር ዝምድና አለው ወይ? ደግሞም አንድ ንጉሥ ወላጆቹ ያወጡለት ስም፣ የክርስትና ስምና የመንግሥት ስም እያለው አራተኛ ስም ምን ያደርግለት ነበር? የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

የታሪክ መምህር

ወዳጄ፣ ከ«አባ» ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እርሱ ላይ ነውና። የፈረስ ስም ላይ የሚገባው «አባ» የፈረሱን ባለቤት የሚያመለክት እንጂ የምንኩስና ማዕረግ አይደለም፤ «አባ ዳኘው» ሲባል «ዳኘው የተባለው ፈረስ ጌታ» ማለት ነው። ሁለቱ «አባ»ዎች ጎን ለጎን የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ። ራስ አሉላ አባ ነጋ በየካቲት 1889 ዓ.ም. ከተምቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር በተደረገ ውጊያ ቆስለው ሲሞቱ የተቀበሩት በአድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ነው። ፊተኛው «አባ» የፈረስ ጌታ ነው፣ ኋለኛው ጻድቅ መነኩሴ። (እኔ የምጽፋቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። በእኔ አስተያየት የፈረስ ስም ያስፈለገበት የመጀመሪያው ምክንያት ክብር ነው። ትልቅን ሰው በስሙ አንጠራም፤ ዛሬም ቢሆን «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ «የእገሌ አባት» እያልን የምንዞረው ለዚሁ ነው። ነገር ግን ወታደር በጦር ሜዳ ሲፎክር፣ አዝማሪ በግብር አዳራሽ ሲያወድስ ጌታውን መጥራት የግድ ይሆንበታል። «ዘራፍ! የአባ ዳኘው አሽከር!» ሲል ጌታውን በስሙ ሳይደፍር ጠራው፤ ያውም ጌታው በጣም በሚወደው፣ ሞትን አብሮት በሚጋፈጠው እንስሳ በኩል። አክብሮትና ፍቅር አንድ ላይ የገቡበት አጠራር ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ማዕረግ ይለዋወጥ ስለነበር ነው። ተፈሪ መኮንን ገና በልጅነታቸው ደጃዝማች ሆኑ፤ በ1909 ዓ.ም. ራስና አልጋ ወራሽ፣ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ፣ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሆነው በክርስትና ስማቸው «ኃይለ ሥላሴ» ተባሉ። ይህ ሁሉ ሲፈራረቅ «አባ ጠቅል» ከቦታው አልተነቃነቀም። በነገራችን ላይ በጃማይካ የተነሣው የራስተፈሪያን እንቅስቃሴ የተመሠረተው ከንግሥናው በኋላ ቢሆንም ስሙን የወሰደው ንጉሠ ነገሥቱ አስቀድመው ከተዉት ማዕረግና ስም ነው፤ «ራስ ተፈሪ» አገር ቤት ታሪክ ሆኖ ሳለ ባሕር ማዶ ሕያው ስም ሆነ።

ሦስተኛውን ምክንያት መጻሕፍት እምብዛም አያነሡትም፣ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ ተግባራዊው እርሱ ነው እላለሁ፤ ሰዎችን መለየት ነው። በአንድ ትውልድ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ካሳዎች ተነሡ። አንደኛው የቋራው ካሳ ኃይሉ ሲሆኑ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሁለተኛው የተምቤኑ ካሳ ምርጫ ሲሆኑ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ደፉ። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር «ካሳ መጣ» ቢባል የትኛው? «አባ ታጠቅ ካሳ» ሲባል ግን ማንም አይሳሳትም፤ «በዝብዝ ካሳ» ሲባልም እንደዚሁ። እንዲያውም የኋለኛው ከመንገሣቸው በፊት በሕዝብ ዘንድ የታወቁት በዚሁ «በዝብዝ ካሳ» በሚለው ስም ነበር።

የጅሬን ልጅ

መምህር ያሉት ሁሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ነገሩን ከሸዋና ከትግራይ ብቻ ካየነው ግማሹ ይቀራል። በጊቤ አካባቢ በነበሩት የኦሮሞ መንግሥታት የፈረስ ስም ከሌላው ስም ጋር የሚደረብ አልነበረም፤ ዋናውን ስም ሙሉ በሙሉ የሚተካ ነበር። የሊሙ እናሪያው ንጉሥ ኢብሳ በታሪክ የሚታወቀው አባ ባጊቦ ተብሎ ነው። የጅማን መንግሥት በ1820ዎቹ የመሠረተው ሰው የራሱ ስም ሰና ነበር፤ ዛሬ ግን ቀዳማዊ አባ ጅፋር ካልተባለ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከእርሱ በኋላ አባ ረቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል እየተከታተሉ ነገሡ፤ በመጨረሻም ቱሉ የተባለው የአባ ጎሞል ልጅ ዳግማዊ አባ ጅፋር ተብሎ ሃምሳ ዓመት ያህል ገዛ። ይህን የነገሥታት ዝርዝር የሚያነብ ሰው የሰዎች ሐረግ የሚያነብ ይመስለዋል እንጂ፣ በእርግጥ የተጻፈለት የፈረሶች ስም ነው።

ደግሞ ልብ በሉ፤ እነዚህ ነገሥታት ሙስሊሞች ነበሩ፣ የሰሜኖቹ ደግሞ ክርስቲያኖች። ልማዱ ሃይማኖት አልለየም። በኦሮምኛ «አባ» አባትም ባለቤትም ነው፤ «አባ ገዳ»፣ «አባ ዱላ» የምንለው ኃላፊነቱን የያዘውን ሰው ነው። እኔ ልማዱ ከኦሮሞ ፈረሰኞች ባህል ወደ ሸዋና ወደ ሰሜኑ ቤተ መንግሥት ተዛመተ ብዬ አምናለሁ፤ አባባሉም የፈረሰኛው ኃይል ከፍ ያለ ቦታ ከነበረው አካባቢ መምጣቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት ያዳኑ ብልህ ገዥ ነበሩ፤ እስከ እርጅና ዘመናቸው ድረስ ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን ጠብቃ ኖራለች። ጅሬን ያለው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ይጎበኛል። በስማቸው የሚጠራው ጅማ አባ ጅፋር የእግር ኳስ ክለብም በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንሥቷል። እንግዲህ በዚያ ዓመት ስታዲየም ውስጥ «ጅፋር! ጅፋር!» እያለ የጮኸ ደጋፊ ሁሉ የፈረስ ስም እየጠራ እንደነበር ስንቱ ያውቅ ይሆን?

ቀበና

አንድ ነገር ላይ ተቃውሞ አለኝ። እዚህ ማንም እስካሁን አላነሣውም፤ ግን በየመድረኩ የምንሰማው ስለሆነ ቀድሜ ልናገር። ሰዎች የፈረስ ስምን እንደ ትንቢት ያነብቡታል። «ምኒልክ ዳኛ እንደሚሆኑ ስለታወቀ ዳኘው ተባለ»፣ «ኃይለ ሥላሴ አገሩን ሁሉ እንደሚጠቀልሉ ስለታወቀ ጠቅል ተባለ» ይሉናል። ይህ ከተፈጸመ በኋላ የሚነገር ትንቢት ነው። ፈረሱ ስሙን የሚያገኘው ጌታው ወጣት ሳለ፣ ገና ምን እንደሚሆን ሳይታወቅ ነው፤ ስሙም ወጣት ጦረኛ የሚመኘውን እንጂ የሚደርስበትን አይናገርም።

ማስረጃ ከተፈለገ የሁለት ሰዎችን ሕይወት ማየት ይበቃል። ዐፄ ዮሐንስ በመንፈሳዊነታቸው የታወቁ፣ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ያስደረጉ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁ ንጉሥ ናቸው። የፈረሳቸው ስም ግን «በዝብዝ»፣ ዝረፍ ማለት ነው! ለአንድ ጾመኛና ጸሎተኛ ንጉሥ ይህን ስም ትንቢት ብሎ የሚያነብበው ካለ ወደፊት ይምጣ። ልጅ ኢያሱ ደግሞ «አባ ጤና» ነበሩ። ሳይቀቡ በአልጋው ላይ ጥቂት ዓመታት ቆይተው በመስከረም 1909 ዓ.ም. ተሻሩ፤ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ጦርነት ተሸንፈው ተማረኩ፤ እርሳቸውም ለዓመታት ሲሸሹ ኖረው ተያዙና በፍቼ፣ ኋላም በጋራ ሙለታ ታስረው በ1928 ዓ.ም. ሞቱ። ጤና ያልጎበኘው ሕይወት ነበር።

እኔን የሚስበኝ የስሞቹ ሰዋስው ነው። «ታጠቅ»፣ «በዝብዝ»፣ «ጠቅል» ሁሉም ትእዛዞች ናቸው። ጌታው ኮርቻ ላይ ሆኖ ፈረሱን በጠራ ቁጥር ትእዛዝ ይሰጣል፤ ለፈረሱ ይሁን ለራሱ ወይስ ለተከታዩ፣ ሁሉም እንደየድርሻው ይሰማዋል። ስሙን ያወጣው ሰው የሚያስበው ስለ ነገው ውጊያ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚጻፈውን ታሪክ አያስብም።

የቀለም ወዳጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀበና ተቃውሞ አሳማኝ ነው፤ ሆኖም «አባ መላ»ን እንዴት እናየዋለን? ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በእውነት መላ አዋቂ ነበሩ ይባላልና ስሙ ከሰውየው ጋር የገጠመ ይመስላል። ሁለት ጥያቄዎችም ልጨምር። ወደ ኮሪያ የዘመተው ጦር «ቃኘው» የተባለው በራስ መኮንን ፈረስ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው? ሴቶችስ እንዲህ ያለ ስም ነበራቸው?

የክብር ዘበኛ ልጅ

ስለ ቃኘው እኔ ልመልስ፤ በቤታችን ሲነገር ያደግሁበት ጉዳይ ነውና። አዎ፣ እውነት ነው። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ ተውጣጥቶ ወደ ኮሪያ የዘመተውን ሻለቃ ንጉሠ ነገሥቱ «ቃኘው» ብለው የሰየሙት በአባታቸው በራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነው። ራስ መኮንን ማለት የሐረር ገዥ፣ በ1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌና በመቀሌ ጦሩን የመሩ፣ በአድዋም የተዋጉ፣ ወደ ጣልያንና ወደ እንግሊዝ በመልእክተኛነት የተላኩ፣ በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ያረፉ ሰው ናቸው። ልጃቸው ተፈሪ ያን ጊዜ ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። አባቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ጦሩን ከአገር ሲያስወጣ የአባቱን ፈረስ ስም መስጠቱ ከወታደራዊ ሥርዓት ያለፈ ትርጉም ነበረው ብዬ አስባለሁ።

ሻለቃው በጅቡቲ በኩል በመርከብ ተጉዞ ፑሳን ደረሰና በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በሠላሳ ሁለተኛው ሬጅመንት ሥር ተመደበ። ተከታዮቹ ሻለቆችም በዚያው ስም እየተጠሩ ተተካኩ። ከ120 የሚበልጡ ወታደሮቻችን በዚያ ጦርነት ወድቀዋል፤ ከመካከላቸው አንድም ለጠላት የተማረከ አልነበረም፤ የወደቁትንም ጓዶቻቸው ጥለዋቸው አልተመለሱም።

የስሙ ጉዞ በዚህ አላበቃም። አስመራ ውስጥ አሜሪካኖች ይጠቀሙበት የነበረው የሬድዮ መገናኛ የጦር ሠፈር፣ በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ከተደረገው ስምምነት ወዲህ «ቃኘው ስቴሽን» በሚለው ስም ታወቀ፤ የተዘጋውም በ1969 ዓ.ም. ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ከነቤተሰባቸው እዚያ ኖረዋል፤ እዚያ የተወለዱ ልጆችም አሉ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ከታወቁት የስለላ ጣቢያዎች አንዱ በአንድ የሐረር ገዥ ፈረስ ስም መጠራቱ እኔን ዛሬም ያስቀኛል። ለነገሩ መቃኘት ዙሪያውን ማየትና መሰለል ስለሆነ ስሙ ለጣቢያው ከፈረሱ ይልቅ ሳይስማማው አልቀረም፤ ያም ቢሆን አጋጣሚ ነው።

የታሪክ መምህር

ስለ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የተነሣው ጥያቄ መልስ ይገባዋል። የቀበናን ሐሳብ በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ አባ መላ ግን ሌላ ነገር ያሳዩናል፤ ስሙ ሰውየውን ባይተነብይም ሰውየው ስሙን ሊሞላው ይችላል። ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጨቦ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት ገቡ። ከዚያ ተነሥተው በአስተዋይነታቸውና በፍርድ ችሎታቸው እያደጉ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ንጉሡ ታመው አልጋው ሲናወጥ፣ ኢያሱ ሲሻሩ፣ ንግሥት ዘውዲቱና አልጋ ወራሹ ተፈሪ ሥልጣኑን ሲከፋፈሉት ሚዛኑን ይዘው የቆዩት እኚህ ሰው ናቸው። በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ሲያርፉ የዚያ ዘመን የፖለቲካ ሚዛን አብሯቸው ሄደ ማለት ይቻላል፤ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተፈሪ ንጉሥ ሆኑ። ሕዝቡ «አባ መላ» ሲል መጀመሪያ ፈረሱን እያሰበ ይሆናል፤ በኋላ ግን የሚያስበው ምክራቸውን ነበር። በአዲስ አበባ የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በእርሳቸው ስም የሚጠራ ነው።

የእርሳቸውን ያህል የሚያስደንቀኝ ሌላው ምርኮኛ ልጅ ባልቻ ሳፎ፣ አባ ነፍሶ ናቸው። እርሳቸውም በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ ቆስለው ተገኝተው በምኒልክ ቤት አደጉ። በጅሮንድ (የግምጃ ቤት ሹም) ሆነው በአድዋ የመድፍ ተኳሾቹን መሩ፤ ከዚያ በኋላ ሲዳሞንና ሐረርን ገዙ። በየካቲት 1920 ዓ.ም. ከነሠራዊታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው ተፈሪን ለመፈታተን ሲሞክሩ፣ እርሳቸው ለግብር ቤተ መንግሥት በገቡበት ሰዓት ከከተማው ውጭ የሰፈረው ጦራቸው በገንዘብና በማግባባት ተበተነባቸው። ታስረው ቆይተው ወደ ገዳም ገቡ። ጣልያን ሲመለስ ግን ሽማግሌው ከገዳም ወጥተው ሲዋጉ ሞቱ። አንድ ሰው ለአርባ ዓመት ያህል ልዩነት ሁለት ጊዜ ከአንድ ወራሪ ጋር ተዋጋ። ባልቻ ሆስፒታል የሚባለው በእርሳቸው ስም ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሕዝቡ «አባ ነፍሶ»ን ትቶ ስማቸውን መርጧል።

ስለ ሴቶቹ ባጭሩ፦ የፈረስ ስም ከጦረኛነትና ከፉከራ ጋር የተሳሰረ ስለነበር የነገሥታቱ ሚስቶችና ልጆች በሌላ መንገድ ነው የተሰየሙት። እቴጌ ጣይቱ በማኅተማቸው «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ነበሩ፤ ንግሥት ዘውዲቱ የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነው። ጣይቱ በአድዋ ዘመቻ የራሳቸውን ጦር ይዘው የዘመቱ፣ በመቀሌ የጣልያንን ምሽግ ከውኃ ለመለየት የተሰጠው ምክር የእርሳቸው እንደነበር የሚነገርላቸው ሴት ሆነው ሳለ በፈረስ ስም አለመታወቃቸው፣ ልማዱ ለማን እንደተከለለ በግልጽ ያሳያል።

የአንጎለላው

ስለ አድዋ ካነሣችሁ ፊታውራሪ ገበየሁን፣ አባ ጎራን እንዴት ትዘሏቸዋላችሁ? እኛ አካባቢ እስከ ዛሬ «ጎራው ገበየሁ» እየተባሉ ነው የሚጠሩት፤ የፈረሱ ስም «አባ»ውን እንኳ ጥሎ የእርሳቸው ቅጽል ሆነ። በአምባ አላጌ ቀድመው ውጊያ የገጠሙ፣ በአድዋ በግንባር የወደቁ ሰው ናቸው። ከዘመቻው በፊት «ፊት ለፊት ተመትቼ ከሞትኩ አጽሜን አገሬ አግቡልኝ፤ ስሸሽ ከኋላዬ ከተመታሁ ግን እዚያው ተዉኝ» ብለው ነበር ይባላል። ፊት ለፊት ተመትተው ስለተገኙ አጽማቸው ከዓመታት በኋላ ወደ አንጎለላ መጥቶ በኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን አርፏል። አንጎለላ የዐፄ ምኒልክም የትውልድ ስፍራ ነው፤ እዚያ ሣህለ ማርያም ተብለው ነው ክርስትና የተነሡት። ስለዚህ የዳኘው ጌታም የጎራ ጌታም የአንድ አካባቢ ልጆች ናቸው።

ዓባይ ማዶ

ልማዱ እስከ መቼ ቆየ የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ እኔ እስከ ጣልያን ወረራ ዘመን እላለሁ፤ ምስክሬም በላይ ዘለቀ፣ አባ ኮስትር ናቸው። እስካሁን ከተጠቀሱት ብዙዎቹ በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ያደጉ ወይም የተሾሙ ናቸው። በላይ ግን ቤተ መንግሥት የማያውቃቸው የጎጃም ሰው ነበሩ፤ በቢቸና አካባቢ ጦር አሰባስበው አምስቱን ዓመት ሙሉ ከጣልያን ጋር ተዋጉ። ማንም አልሾማቸው፤ የፈረስ ስሙን ግን እንደ ራሶቹ ያዙት፣ ተከታዮቻቸውም በእርሱ ፎከሩ። የፈረስ ስም እንደ ደጃዝማችነት ከላይ የሚሰጥ አልነበረምና ማንም ሊከለክላቸው አይችልም ነበር።

ከዚህ ጋር የሚነገር አንድ ጨዋታ አለ። በላይ በዱር ሳሉ ለአርበኞቻቸው ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ እያሉ ማዕረግ ይሰጡ ነበር፤ ይህን ያዩ ሰዎች «ለራስዎስ ምን ማዕረግ ይይዛሉ?» ብለው ሲጠይቋቸው «እናቴ አስቀድማ በላይ ብላኛለች፤ ከዚያ የሚበልጥ ምን አለ?» አሉ ይባላል። ከነፃነት በኋላ መንግሥት ደጃዝማችነት ሰጣቸው። ከዚያ ግን ከመንግሥት ጋር ተጣሉ፤ ታሰሩ፣ ሊያመልጡም ሞከሩ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ። ጎጃም ውስጥ ዛሬም «ደጃዝማች በላይ» የሚል ሰው ብዙ አይገኝም፤ «አባ ኮስትር» ነው የሚባሉት።